የአዋሽ አሸዋ

«እርጥብ እንጨት ሲከቱ አይቻለሁ ትላለህ፤ በቃ። ከዚያ ወዲያ ማን ምን ይጠይቅሃል?»

«አይቻለሁ እኮ እማዬ። ሁልጊዜም በእርጥብ እንጨት ነው የሚያማስሉት።»

«እንግዲያ የምን መንቀጥቀጥ ነው? ያየኸውን መናገር ውሸት ነው?» የሴትየዋ ድምፅ ዝቅ አለ። «በርሜሉንስ ሞልተኸዋል?»

«በውሃ።»

«በምን አላልኩህም። ሞልተኸዋል ወይ ነው ያልኩህ።»

አሰለፈች ይህን የሰማችው ፊቷን ታጥባ ፎጣ ለማውረድ ወደ ግድግዳው ጠጋ ስትል ነው። ግድግዳ ይባል እንጂ ቺፑድ ነበር። የቀበሌው ቤት አንድ ክፍል ብቻ ስለሆነ፣ አማቷ እማማ ዘውድነሽ ልጃቸው ሚስት ያገባ ጊዜ ለሁለት አስከፍለውታል። በወዲህ በኩል የአሰለፈችና የባሏ የአብተው አልጋ አለ፤ በወዲያ በኩል የእማማ አልጋና የአረቄ ደንበኞች የሚቀመጡባቸው አግዳሚ ወንበሮች። ቺፑዱ ከጣሪያው አይደርስም። ሳሉም፣ ጸሎቱም፣ ሐሜቱም በላይ ተሻግሮ ይመጣል፤ የቤቱ ሰዎች ግን ካልተያዩ ድምፃቸው የማይሰማ እየመሰላቸው መኖር ለምደዋል። አሰለፈችም ለምዳ ነበር። ዛሬ ግን ውሃው ከአገጯ ወደ አንገቷ እየወረደ፣ ፎጣውን እንደጨበጠች ቆማ ቀረች።

አሰለፈች ከናዝሬት ለገሃር ወረድ ብሎ በሚገኘው የብረታ ብረት ማቅለጫ የአኒማ ሠራተኛ ናት። አኒማ ጣሊያናዊው ባለቤት ድርጅቱ ሲወረስ ትቶት የሄደ ቃል ነው። ከአሸዋ የሚሠራ ዱላ መሳይ ቅርጽ ሲሆን፣ የቀለጠው ነሐስ በዙሪያው ፈስሶ ሲረጋ አሸዋው ተሰባብሮ ይወጣና ቡሽ የሚሉት መሐሉ ባዶ የሆነ የነሐስ ቱቦ ይቀራል፤ የውሃ ፓምፕ ዘንግ የሚሽከረከርበት። አሸዋ ብቻውን አይቆምም። የሚያቆመው ከስኳር ፋብሪካ በበርሜል የሚመጣው ጥቁር ሞላሰስ ነው። በደህና ሞላሰስ የታሸ አኒማ ምድጃ ገብቶ ሲወጣ እንደ ቆሎ ይቀላል፣ በጥፍር ሲመቱት ይጮኻል። ውሃ የበዛበት ግን ላዩ የደረቀ መስሎ ሆዱ እርጥብ ሆኖ ይቀራል። እሳት የሆነ ነሐስ ሲያቅፈው ያ እርጥበት ይፈላል፤ መውጫ ሲያጣ ነሐሱ ውስጥ ይገባል። ያን ጊዜ ነሐሱ እንደ እንጀራ ዓይን ይኖረዋል።

ከጥቂት ወራት ወዲህ ሞላሰሱ እንደቀጠነ አሰለፈች አውቃ ነበር። የተፈረፈረ አኒማ በእጇ ይዛ ግምጃ ቤት ድረስ ሄዳ ለባሏ አሳይታዋለች፤ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ እሱ ነው። «ከፋብሪካው እንዲሁ ነው የሚመጣው» አላት፤ እሷም አመነችውና የተሰጣትን እያሸች፣ ምድጃው ውስጥ ትንሽ እያቆየች፣ የተመደበላትን ኮታ ሞላች። እቤት ውስጥ ደግሞ እማማ ዘውድነሽ አረቄያቸውን በዳጉሳ ፋንታ በሞላሰስ ማውጣት ጀምረው ነበር። ሞላሰሱን ከስኳር ፋብሪካ ሹፌሮች እንደሚገዙ ነገሯት። ይህንንም አመነች። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ቺፑድ ወዲህና ወዲያ ተኝተው ሲያድሩ አንድ ነገር መሆናቸውን እስከዛሬ ጠዋት አላሰበችም፤ ወይም እንዳታስብ ደክማለች።

ሚያዝያ ላይ ወደ መቂ የተላኩት ቡሾች በፓምፖቹ ላይ ተሰነጣጠቁ። ፓምፖቹ ቆሙ፣ ሽንኩርቱ መስኩ ላይ እንዳለ ደረቀ፣ ናዝሬት ገበያ ላይ አንድ ኪሎ ሽንኩርት ከአንድ ብር በላይ ወጣ፤ ሴቶቹም ዘንቢላቸውን ባዶ ይዘው ሲመለሱ አሻጥረኛውን ረገሙ። አሻጥረኛ የግድ መኖር ነበረበት። አንድ ጠዋት የማቅለጫው ምድጃ ሹም ኦቦ ጉደታ ነሐሱን በእርጥብ እንጨት አበላሹት ተብለው፣ የቆዳ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ ተወስደው የቀበሌው እስር ቤት ገቡ። ኦቦ ጉደታ የአሰለፈች ዘመድ አይደሉም። ነገር ግን አባቷ በልጅነቷ ስለሞተ፣ በሠርጓ ቀን በአባት ወንበር ተቀምጠው የመረቋት፣ እጇንም ይዘው ለአብተው የሰጡት እሳቸው ናቸው።

በቺፑዱ መግቢያ ላይ ያለውን መጋረጃ ገልጣ ስትወጣ እናትና ልጅ ወሬያቸውን አቋረጡ። አብተው ደረት ኪሱ ላይ እስክሪብቶዎቹን ይደረድር ነበር፤ አንዱን ያወጣና መልሶ ይሰካዋል። እማማ ዘውድነሽ ሻይ ቀዱላት። ስኳሩን በራሳቸው እጅ ጨመሩላት፤ አማሰሉላትም። በሌላ ቀን ራሽን ነው እያሉ የስኳሩን ጣሳ ከትራሳቸው ሥር ነበር የሚያስቀምጡት። አሰለፈች ብርጭቆውን አየችው እንጂ አላነሳችውም።

«እማማ፣ ሞላሰሱ ከሹፌሮቹ የሚገዛ ነው አላሉኝም ነበር?»

«ከሹፌርም ይምጣ ከመልአክ፣ አንቺም በልተሽበታል» አሉ ሳይደነግጡ። «ዳጉሳ ከየት ላምጣ? ሂጂ እስቲ ቀበሌ ሱቅ፣ አማቴ አረቄ ልታወጣ ነው፣ ዳጉሳ ስጡኝ በያቸው! ይህን ልጅ ያሳደግኩት በአረቄ ነው። ደብተሩንም፣ ጫማውንም፣ ይሄን የሚያብለጨልጨውን እስክሪብቶ ሁሉ።»

«ኦቦ ጉደታስ?»

«ጉደታ ምን ይሆናል? አዲስ አበባ ወስደው ይመክሩትና ይለቁታል።»

ይህን ሲሉ ዓይናቸውን ወደ ጓሮው አዞሩ። ከዚህ ሰፈር ወደ አዲስ አበባ ተልኮ፣ ተመክሮ የተመለሰ ሰው እንደሌለ እሳቸውም ያውቃሉ። አብተው «ረፍዷል» ብሎ ብቻውን ወጣ። ሌላ ቀን አብረው ነበር የሚሄዱት።

የግንቦት ነፋስ ገና በጠዋቱ አቧራውን እያነሳ መንገዱን ያጨልመው ነበር። ጋሪዎች ከለገሃር ወደ ገበያ ይጣደፋሉ፤ ባለጋሪዎቹ አፍና አፍንጫቸውን በሻሽ ጠቅልለው ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ከቀበሌው በር ፊት ለፊት፣ ግንቡን ተደግፈው የኦቦ ጉደታ ባለቤት አዴ ሎሚ ተቀምጠዋል። በእጃቸው ባዶ ሳህን ይዘዋል።

«አካም ቡልታን፣ አዴ ሎሚ?» አለች አሰለፈች ጎንበስ ብላ።

«ነጋ፣ ነጋ» አሉ ከልማድ የተነሳ፤ ሰላም ነው ለማለት። ከዚያ ሳህኑን አሳዩአት። «ዳቦውን ቆራርሰው ቆራርሰው ፈተሹት። ምን ሊያገኙ ነው? ነሐስ?» ሊስቁ ሞከሩ። «እሱን የሚከሱበት ስብሰባ ዛሬ ነው አሉ። አብተው ይመሰክራል ይላሉ። እኔ ውሸት ነው አልኳቸው። የሠርጋችሁ ለት የማን እጅ ነበር በእጁ ላይ? አይመሰክርም፤ አይደል?»

አሰለፈች የሳህኑን ጠርዝ ስታይ ቆየች። 

«ወፍራም ልብስ አምጪለት አሉኝ» አሉ አዴ ሎሚ፣ መልስ ባይመጣም እንዳልተቀየሙ ለማሳየት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አዲስ አበባ ብርድ ነው አሉ። እሱ ምድጃ ፊት ያረጀ ሰው ነው፤ ብርድ አያውቅም። የልጄን የውትድርና ካፖርት አውጥቼ አጠብኩት።»

ድርጅቱ በር ላይ ዘበኛው ገርባ ለሁሉም እንደሚያደርገው አንገቱን ነቅንቆ አሳለፋት። ገርባ ሲገቡ አይፈትሽም፤ ሲወጡ ነው የሚፈትሸው። ማታ ማታ የሴቶቹን የምሳ ዕቃ እያስከፈተ «ምንድን ነው የያዝሽው?» ይላል፤ የነሐስ ፍቅፋቂ እንዳይወጣ። አብተው ጄሪካን ይዞ ሲወጣ ግን «የተቃጠለ ዘይት ነው» ይለዋል፤ ገርባም የተቃጠለ ዘይት ያየ መስሎ ያሳልፈዋል። አሰለፈች ያንን ጄሪካን ብዙ ቀን ከኋላው ሆና አይታዋለች። 

የማቅለጫው ምድጃ ቀዝቅዞ፣ አመዱ ሳይጠረግ፣ የኦቦ ጉደታ ረጅም መቆንጠጫ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ነበር። ወደ ሞላሰሱ በርሜል ሄደች። ክዳኑን አንስታ እንጨት አጠለቀችበትና ከፍ አደረገችው። ሞላሰስ ቢሆን እንደ ክር እየተሳበ፣ እየተጠቀለለ ነበር የሚወርደው። ይሄ እንደ ሻይ ጠብ፣ ጠብ አለ። እስከ አፉ የሞላ የቆሸሸ ውሃ። ሌሊቱን ለፍተሻ ተብሎ የተሞላ ነው፤ ማንም ቢመጣና ክዳኑን ቢያነሳ በርሜሉ ሙሉ ነው። በእጇ ነካችው፣ ጣቷን ቀመሰችው፣ መሬት ላይ እንትፍ አለች። አጠገቧ የነበሩት ሴቶች አሸዋቸውን ያበጥሩ ነበር፤ ወንፊታቸውን አቁመው አዩአትና ቀጠሉ። እነሱም ያውቃሉ። ሁሉም ሰው ትንሽ ትንሽ ያውቃል፤ ሙሉውን ግን አላውቅም ለማለት እንዲያመች ተከፋፍለውታል።

ኢንጂነር ኃይለየሱስ ቢሮው ውስጥ ብቻውን ነበር። ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ ቀጭን፣ ሰው ሲያናግረው መነጽሩን የሚያወልቅ ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ ለሁለት የተሰነጠቀ የመቂ ቡሽ ወረቀት እንዳይበር ተጭኗል። አሰለፈች ቆማ ቡሹን አየችው። የውጭው ገጽ እንደ ቀለበት ያበራል። ዓይኑ ያለው በውስጥ በኩል ብቻ፣ አኒማው የነበረበት ገጽ ላይ ነው።

«እንጨቱ አይደለም» አለች። «እንጨቱ ቢሆን ሁሉም ጋ ነበር ዓይን የሚያወጣው።»

«አይደለም» አለ ኢንጂነሩ። መነጽሩን አወለቀ። «ያመጡልኝ ቀን ነው ያየሁት። አኒማው ነው። አኒማው ደግሞ ሞላሰሱ ነው። ሞላሰሱ ከግምጃ ቤት ወጥቶ ወዴት እንደሚሄድ አንቺ ከእኔ ይልቅ ቅርብ ነሽ።»

«ታዲያ አይናገሩም? ዛሬ እኮ ነው ስብሰባው።»

«ለማን? ካድሬው ጓድ ዘገዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ሶደሬ ሲወርድ የሚይዘው ጠርሙስ ከማን ቤት እንደሚቀዳ ታውቂያለሽ?» ቡሹን አንስቶ ወደ ብርሃኑ አዞረው፤ እንደገና ወረቀቱ ላይ አስቀመጠው። «እኔም አብሬው ወርጃለሁ። ፍል ውሃው ዳር ተቀምጠን ጠጥተናል። ጥሩ አረቄ ነው።»

አሰለፈች ወደዚህ ቢሮ ስትመጣ ይህ ሰው የማያውቀውን ልትነግረው ነበር። የማያውቅ ቢሆን ይሻላት ነበር። የማያውቅ ሰው ይነገረዋል፣ ይማራል፤ ይሄ ግን ተምሮ ጨርሷል። ወጣች። በሩን በኃይል ልትዘጋው ፈለገች፤ በሩ ግን ሸራ መጋረጃ ነበርና እጇ ላይ ተልፈሰፈሰ።

ከቀትር በኋላ ማሽኖቹ ቆሙና ሠራተኛው በሙሉ ወደ መመገቢያው አዳራሽ ገባ። አግዳሚዎቹ ገና ወጥ ወጥ ይሸታሉ። ግድግዳው ላይ በቀይ ጨርቅ «አሻጥረኞችን እንመነጥራለን!» ተብሎ ተጽፏል፤ የመጨረሻው ቃል ቦታ ስላነሰው ፊደሎቹ እርስ በእርስ ተጠጋግተዋል። ካድሬው ጓድ ዘገዬ ካኪ ልብሱን ለብሶ ከፊት ቆመ። ሁሉም ግራ እጁን ጨብጦ «እናሸንፋለን!» አለ። ጓድ ዘገዬ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ የሰው ስም የማይረሳ ሰው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት እነአሰለፈች ቤት ሲመጣ «እማማ ዘውዴ፣ መድኃኒቴን!» እያለ ነው የሚገባው። አሁን ግን አይስቅም። ስለ ኢምፔሪያሊዝም ረጅም ንግግር አደረገ፤ ጠላት ድሮ በጠረፍ ነበር የሚመጣው፣ ዛሬ ግን በሽንኩርታችን ገብቷል አለ። አንድ ሰው ከኋላ አሳለው።

ከዚያ አብተው ተጠራ። ተነሳ። ዓይኑን ጫማው ላይ ተከለ። ኦቦ ጉደታ እርጥብ የባሕር ዛፍ እንጨት ወደ ቀለጠው ነሐስ ሲከቱ በዓይኑ ማየቱን ተናገረ።

«ነሐሱ ምን ሆነ?»

«ፈላ። ተንዶቀዶቀ።»

«ሲከት ምን ይል ነበር?»

«ያ ዋቅ ይሉ ነበር።»

«በሕዝብ ንብረት ላይ ድግምት መሆኑ ነው» አለ ጓድ ዘገዬ ወደ አዳራሹ ዞሮ። አዳራሹ ውስጥ ኦቦ ጉደታ «ያ ዋቅ» ሳይሉ፣ ፈጣሪያቸውን ሳይጠሩ አንድ ቀን እንኳ ነሐስ አፍስሰው እንደማያውቁ የማያውቅ የለም። በእርጥብ እንጨት ማማሰሉንም ያስተማራቸው ጣሊያኑ መሆኑን፣ ነሐሱ እንዲጠራ ብለው እንደሚያደርጉት፣ ከእሳቸው በፊት የነበሩትም እንዲሁ ያደርጉ እንደነበር የማያውቅ የለም።  ኢንጂነሩ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ይወለውላል። አብተው ተቀመጠ። የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር፤ አንድም ያላየውን አልጨመረም። አሰለፈችን ያንገበገባት ይህ ነው። ቢዋሽ ይሻላት ነበር። ውሸት ቢሆን አንድ ሰው ይይዘው ነበር።

«ጉደታ ለሚመለከተው የበላይ አካል ተላልፎ እንዲሰጥ የቀረበውን ሐሳብ የምትደግፉ?» እጆች ወጡ፤ አንዳንዱ እስከ ጆሮው ብቻ። «የምትቃወሙ?» አለ ጓድ ዘገዬ ወረቀቱን እየሰበሰበ፣ መልስ ሳይጠብቅ። ቀና ሲል አንድ እጅ ቆሞ አየ።

አሰለፈች ተነሳች። 

«አኒማውን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለች። «ዓይኑ ከአኒማው ነው። አኒማው እርጥብ ነበር፣ ምክንያቱም ሞላሰሱ ውሃ ነው። በርሜሉ እዚያው አለ፤ ሄዳችሁ ቅመሱት። ሞላሰሱ የት ሄደ እንዳትሉኝ። እቤቴ ነው ያለው። ከአማቴ አልጋ ሥር። ባሌ ነው ያወጣው፣ በዚህ በር፣ በጄሪካን።»

 አብተው እጁን አፉ ላይ አደረገ።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አለች፤ አሁን እየጮኸች ነበር። «ሁላችሁም ጠጥታችሁታል! የመቂን ፓምፕ ጠጥታችሁ፣ ሽንኩርቱን ጠጥታችሁ፣ አፋችሁን ጠርጋችሁ ነው እዚህ የተቀመጣችሁት። ጓድ ዘገዬ፣ እርስዎም ጠጥተዋል። መድኃኒቴ እያሉ።»

ከኋላ አንድ ሰው ከት ብሎ ሳቀና ሳቁን ወዲያው ወደ ሳል ለወጠው። የጓድ ዘገዬ ፊት ቀላ፤ ከዚያ ገረጣ። «ጓድ አሰለፈች በስሜት ውስጥ ናቸው» አለ በመጨረሻ፤ «ለአጭር ጊዜ እረፍት እንወጣለን።» እሱና ኢንጂነሩ፣ የሠራተኛ ማኅበሩም ሊቀመንበር፣ ከኩሽናው ጎን ወዳለችው ክፍል ገብተው በሩን ዘጉ። ሠራተኛው ወደ ግቢው ወጥቶ በየጥላው ተበተነ። አሰለፈች የቆመችበት ጥላ ሥር ማንም አልመጣም። አብተው ከአዳራሹ አልወጣም፤ በመስኮቱ ስታየው አንዷን እስክሪብቶ ሰክቶ ይነቅላል፣ ሰክቶ ይነቅላል።

ሲመለሱ ጓድ ዘገዬ ፈገግ ብሎ ነበር። ኢንጂነር ኃይለየሱስ ቆሞ፣ መነጽሩን ሳያወልቅ፣ በተደረገው ቴክኒካዊ ማጣራት ከአዋሽ ዳር የሚመጣው አሸዋ ጨው የበዛበት ሆኖ መገኘቱን፣ ለጉዳቱም መንስኤው ይኸው መሆኑን ገለጸ። አሸዋው ከሌላ ቦታ እንዲመጣ ተወሰነ። ጉደታ በማስጠንቀቂያ ተለቆ ከምድጃው ይነሳና ግቢ ጽዳት ላይ ይመደባል። አሰለፈችም ከአኒማ ክፍል ተነስታ ከነገ ጀምሮ ግቢ ጽዳት ላይ ትመደባለች። ስለ ግምጃ ቤቱ የተባለ ነገር የለም። ጭብጨባ ሆነ። ጭብጨባው ከልብ ነበር፤ ሰው ሁሉ ከጭንቅ ተገላገለ፣ አሸዋ ደግሞ ሚስት የለውም፣ አይቀየምም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ኦቦ ጉደታ ከቀበሌው በር ወጡ። የቆዳ ሽርጣቸው አሁንም በወገባቸው ላይ ነበር፤ ጢማቸው ነጭ ሆኖ አድጓል። አዴ ሎሚ የታጠበውን ካፖርት በክንዳቸው ይዘው ሲያለቅሱ አሰለፈች ደረሰች። ሽማግሌው እጇን ያዙና ግንባሯን ሳሙ።

«ኢንተላ ኮ» አሉ፣ ልጄ ለማለት። «አሸዋው ነው አሉኝ። እውነት ነው?»

«ብለዋል።»

«እንግዲህ አዋሽን መቼ ሊያስሩት ይሆን?» አሉና ሳቁ፤ ሳቃቸው ደረታቸው ውስጥ ተሰንጥቆ ወደ ሳል ሄደ። ከዚያ ፊታቸው ከበደ። «ምድጃዬን ግን ወሰዱት። መጥረጊያ አስያዙኝ።» ወደ እሷ ዞረው፣ «በስብሰባው ያልሽውን ሰምቻለሁ፤ አንቺስ ዛሬ የት ነው የምታድሪው?»

አሰለፈች ይህን አላሰበችም ነበር።

«እኛ ጋ ነዋ!» አሉ አዴ ሎሚ ካፖርቱን ከፍ አድርገው። «ይኸው ብርድ ልብስ።»

ወደ አማቷ ቤት ስትመለስ አግዳሚው ላይ ከማኅበሩ ሰዎች ሁለቱ ተቀምጠው ይጠጡ ነበር፤ ስታያቸው ብርጭቋቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። በጓሮ በር በኩል እሳቱ ይታያል። የአረቄው እንስራ ተጥዶ፣ በመቃው ጫፍ ጠብ፣ ጠብ ይላል። እማማ ዘውድነሽ ከእሳቱ ዞር አላሉም። አብተው ከአልጋቸው ጫፍ ተነሳ። ልትጮኽበት ወይም ልትተወው፣ ምናልባትም እሱ ሊመታት እንደሚችል አስባ ነበር የመጣችው፤ እሱ ግን ፈገግ አለ። እውነትም ፈገግ አለ፤ እንደ ተማረ ልጅ፣ ፈተና እንዳለፈ ልጅ።

«አሸዋ ነው ተባለ እኮ» አላት በሹክሹክታ። «አለቀ። ማንም አልተጎዳም።»

 መጋረጃውን ገፍታ ወደ አማቷ አልጋ ሄደች፣ ተንበረከከችና ጄሪካኑን ጎትታ አወጣችው። ከባድ ነበር። ውሃ ያልገባበት ሞላሰስ፣ ጥቁር፣ አፉ ላይ የደረቀ።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አሉ እማማ ዘውድነሽ፤ አሁን ዞረዋል።

«ልመልስ።»

«ቤቱ በእኔ ስም ነው። ያንን ይዘሽ ከወጣሽ ይህን ደጃፍ ሁለተኛ አትረግጪም። ሰማሽ?»

«ሰምቻለሁ እማማ። በዚህ ቤት የማይሰማ ነገር የለም።»

ጄሪካኑን በነጠላዋ ጠፍራ እንደ ልጅ አዘለችው። አብተው በሩ ላይ ሊይዛት እጁን ዘረጋ፤ አግዳሚው ላይ ያሉት ሰዎች ሲያዩት እጁን ሰበሰበ። ወጣች። ገና ብርሃን ነበር፤ ነፋሱ ቆሞ አቧራው መንገዱ ላይ ተኝቷል፤ ሰው ሁሉ ደጃፉ ላይ ወጥቷል። ክዳኑ በደንብ አልተጠበቀም ነበርና ሞላሰሱ በጀርባዋ በኩል እየወረደ፣ ቀሚሷን እያጣበቀ፣ ተረከዟ ላይ እየደረሰ አቧራው ላይ ጥቁር መስመር ያሰምር ጀመር። ዝንቦች ተከተሏት። ጠጪዎቹ ከየበሩ አዩአት። አንዱ «አሰለፈች፣ ለማን ነው የምትወስጂው?» ብሎ ሊቀልድ ጀመረና ዓይኗን ሲያይ ተወው። በቀበሌው በር አለፈች፣ ሐዲዱን ተሻገረች። አላረፈችም።

የድርጅቱ በር ሊዘጋ ነበር። ገርባ ከወንበሩ ተነሳ፤ መጀመሪያ ሴትየዋን፣ ቀጥሎ ጄሪካኑን፣ ቀጥሎም ከኋላዋ እስከ ሐዲዱ የተሰመረውን ጥቁር መስመር አየ። ጄሪካኑን ያውቀዋል። ቢሆንም ሌላ የሚለው አላገኘም።

«ምንድን ነው የያዝሽው?» አላት።

አሰለፈች ነጠላዋን ፈታ ጄሪካኑን እግሩ ሥር አስቀመጠችው። ክዳኑን አነሳች።

«አሸዋ ነው» አለች። «የአዋሽ አሸዋ። ተቀበለኝ።»